የሦስተኛው ፏፏቴ መሻገሪያ

ነሐሴ 27 ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለሽው፣ ለአንዲቷ ሴት ልጄ፤

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴን ባለፈው ወር ደፍኛለሁ። ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ፤ እስካሁን አልቆረጥኩም። መርፌ ላይ ክር ያለ መነጽር አስገባለሁ። ጣሪያው ሲያፈስ ራሴ ወጥቼ ቆርቆሮውን መትቼ ወርጃለሁ፤ ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው «ሰውዬው ዛሬ ሊሞት ነው» እያለ መሰላሉን ያዘ እንጂ እኔ አልለመንኩትም። ሁለት ባልዲ ውሃ ከውጭው ቧንቧ እስከ ወጥ ቤት ሳላሳርፍ አደርሳለሁ። ይሄንንም ደብዳቤ የምጽፈው እኔው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ፣ መጋዝ ቤት ሳለሁ፣ ግንድ ላይ የሚጻፈውን ምልክት ላንብብ ብዬ ነውና ጽሑፌ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድብሽ ታገሺኝ። ጫማ ሰፊው ልጻፍልዎት ብሎኝ ነበር። ይሄ በሰው እጅ የሚያልፍ ወሬ አይደለም አልኩት።

ከሁሉ በፊት ልጅሽ ደህና ናት። እዚሁ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ደብተሮቿን ወረቀት ታለብሳለች። አንድ ጫማዋ ጠፍቷል፤ ሌላ የጎደለባት የለም። የሆነውን ወንድምሽ አልሰማም፤ እኔ ካልነገርኩት የሚነግረውም የለም። መጀመሪያ የምነግረው ለአንቺ ነው። ቁጭ በይና እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ መሃል ላይ ተነስተሽ ስልክ እንዳትመቺ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። ባለፈው ወር ወንድምሽ መጥቶ በሩን እጁ እስኪያብጥ ሲደበድብ እኔ ጓሮ መጋዝ እስል ነበር። በመስኮት ዘሎ ገባ። ማንቆርቆሪያው ምድጃ ላይ ከስሎ ቤቱ በጭስ ታፍኖ ደረሰ። ልጅቷ ደግነቱ ጫማ ሰፊው ቤት ነበረች። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ትምህርት ሳይከፈት ወደኛ ትምጣ፣ ክፍል አዘጋጅተንላታል፣ አንተ ጆሮህ አልሰማ ብሏል፣ አንድ ቀን አንድ ነገር ይመጣል አለኝ። እኔም የልጅ ቀማኛ አልኩት። ሌላም ብያለሁ፤ እሱን አልጽፈውም። ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ።

ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ መጣ። «አባዬ፣ ወንድሜ ያለውን ሰምቻለሁ፤ ግን አንተ እችላለሁ ካልከኝ አምንሃለሁ» ትያለሽ። እቺን ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርሽም። እችላለሁ ብዬ በአንድ ቃል ልመልስልሽ አልፈለግሁም። ማስረጃ ልልክልሽ አማረኝ።

ከአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ወረድ ብሎ ያለውን ጫካ ታስታውሺው ይሆናል፤ ሦስት ፏፏቴዎች ያሉበትን። መንገዱ የተጠረገ ነው፤ ሰው ሕፃን አዝሎ ይሄድበታል። በሩ ላይ «ቀላል የእግር መንገድ፤ ለልጆችና ለአዛውንት የሚመች» የሚል ሰሌዳ አለ። አዛውንት የምትለዋን አይቼ እንዳላየሁ አለፍኳት። ሐሳቤ ሦስተኛው ፏፏቴ ድረስ ሄደን፣ ውሃው ከኋላችን እየወረደ፣ እኔና አለቃ ጎን ለጎን ቆመን ፎቶ ልንነሳና ልንልክልሽ ነው። የጫማ ሰፊውን ስልክ ተውሼ ነበር። አለቃ የምላት ልጅሽን ነው፤ ሳልወጣ በፊት የሸሚዜን ቁልፍ አንድ በአንድ ስለምትመረምር ያወጣሁላት ስም ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የሠላሳ ዓመት ፎርማን ይመስልሻል።

አሁን አንድ ነገር ላስታውስሽ፤ ካላስታወስኩሽ የሚከተለው አይገባሽም። መጋዝ ቤት ሞተሩ ከተነሳ ጆሮ ሥራ ይፈታል። የምንነጋገረው በእጅ ነበር። መዳፍ ወደ ላይ ከሆነ ግንዱን ግፋ ነው። ሁለት ጣት ከሆነ ቀጭን ጣውላ። ጡጫ ከራስ በላይ ከተነሳ ግን ሁሉም ባለበት ይደርቃል። ያየ ሰው አይቻለሁ ለማለት የራሱን ጡጫ ያነሳል። መጀመሪያ ያነሳው ሰው ራሱ፣ ዓይናችን እያየ፣ ቀስ አድርጎ እስኪያወርድ ድረስ ፎርማኑም ቢጮህ፣ የፋብሪካው ባለቤትም ቢመጣ ንቅንቅ የለም። አንድ ጊዜ ጓደኛችን ከስለቱ ሥር እጁን ከቶ ሲያጸዳ ሌላው «ጨርሷል» ብሎ ሞተሩን አስነሳበት፤ ከክርኑ በታች ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቀልድ የለም።

ይሄን ለልጅሽ አስተማርኳት። መንገድ ስንሻገር በጡጫ ነው፣ ገበያ ውስጥ ስንለያይ በጡጫ ነው። አንድ ቀን እንኳ አላፈረሰችውም። ወንድምሽ «ልጅቷን የመጋዝ ቤት ሠራተኛ አደረግካት» ብሎ ሲያሾፍብኝ እኔ ምስጋና መስሎኝ ደስ አለኝ።

የሄድነው ማክሰኞ ነው። ዝናቡ ለሦስት ቀን ፋታ ሰጥቶ ነበር። በሩ ላይ የጫካው ጠባቂ አስቆመን፤ ወንድምሽን የሚያህል፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወፍራም ሰው። ብዙ ተናገረ። ወደ ተራራው ይጠቁማል፣ ፊሽካውን ያሳየኛል፣ እንደገና ይናገራል። እኔ ከንፈር አይቼ ነው የምሰማው፤ የሱ ከንፈር ደግሞ በጢም ተሸፍኗል። ራሴን ነቀነቅኩለት። እናትሽ በሕይወት ሳለች ሰው ሲያናግረኝ ጉልበቴን ነካ አድርጋ ትደግምልኝ ነበር፤ ከሷ ወዲህ እንዲሁ እየነቀነቅኩ ነው የኖርኩት። የላክሽልኝ የጆሮ መሣሪያ ከነሳጥኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር፤ አድርጌዋለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። አሁን አድርጌዋለሁ። አለቃ ወረቀት ስትቀድ ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ይገባል።

አለቃ ያን ጊዜ የወፎቹ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ጋ ነበረች። ስትመለስ ምን አለህ አለችኝ። መልካም መንገድ ነው ያለን አልኳት።

የመጀመሪያው ፏፏቴ ከቤታችን በር አይበልጥም። እሷ ሥሩ ገብታ እጇን አስነክታ ወጣች። በመንገዱ ላይ ይሄ ጥድ ስንት ጣውላ ይወጣዋል፣ ያኛው ውስጡ ተበልቷል እያልኩ ስነግራት «አባባ፣ አንተ ዛፍ ስታይ የሚታይህ ጠረጴዛ ነው» አለችኝ። ሁለተኛው ፏፏቴ ጋ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ከነሚስቱ አገኘን። ሰውዬው ላብ አጥምቆታል፤ ሚስቱ ሃያ ዓመት ሊጥ ሲያቦካ ኖሮ ዛሬ ራሱ ሊጥ ሆነ እያለች ትስቅበታለች። የተባባሉትን አለቃ ናት ዞራ በእጇና በከንፈሯ የነገረችኝ። እነሱ ቀደሙን።

ሦስተኛው ትልቁ ነው። ፊት ለፊት ለማየት ጅረቱን መሻገር አለ፤ ጉልበት የማይደርስ፣ ሰፋ ያለ ጅረት ነው። ሰባት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተደርድረውበታል። ዳቦ ጋጋሪውና ሚስቱ ተሻግረው ወዲያ ማዶ ቆመዋል። አለቃ ቀደመችኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አራተኛው ላይ ስትደርስ እኔን ልትጠብቅ ዞረች።

ያን ጊዜ ውሃውን አየሁት። ቅድም ጠጠሩን ያሳይ የነበረው ሻይ መስሏል። ቅጠልና ስብርባሪ ቅርንጫፍ ይዞ ይመጣል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ግንድ በወንዝ ሲወርድ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ይሄን ማንም አይተረጉምልኝም። ላይ ተራራው ላይ ዘንቧል። ጡጫዬን አነሳሁ።

ተመልከቺ ልጄ፣ ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ነይ ማለት ነበረብኝ። አራት ዝላይ ነው፤ ለሷ ምንም አይደለም። አርባ ዓመት የሠራ እጅ ግን ራስን አያማክርም። መጋዝ ቤት አደጋ ሲመጣ መቆም ነው። ውሃ ሲመጣ መቆም ምን ይባላል? እሷም እንዳስተማርኳት ደርቃ ቆመች፤ ጡጫዋን አንስታ መለሰችልኝ።

ሄጄ እጇን ይዤ ላወጣት ነበር ያሰብኩት። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ እርጥብ ሥር ረገጥኩና እግሬ ከዳኝ። ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ያለ ጉድጓድ ውስጥ በጎኔ ተንሸራትቼ ወረድኩ። ጥልቅ አይደለም። ከዚያ ሆኜ ግን እሷ አትታየኝም፤ እሷም እኔን አታየኝም።

የሚቀጥለውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

መውጣት እችል ነበር። ዳሌዬ አመመኝ እንጂ አልተሰበርኩም። ድሄ ብወጣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅብኝም። ግን ሱሪዬ ከላይ እስከ ታች ጭቃ ሆኗል፣ መዳፌ ይደማል። እንዲህ ሆኜ ካየችኝ ለአጎቷ ትነግራለች፣ እሱ ለአንቺ ይነግርሻል፣ አለቀ አልኩ። ቅጠል ቆርጬ ሱሪዬን መጥረግ ጀመርኩ። መቼም ውሃው ሲጨምር አይታ ዳር ወጥታለች ብዬ ነው። ኮፍያዬን ፈልጌ አገኘሁትና አራገፍኩት። ልጅሽ ወንዝ መሃል ቆማ እኔ ኮፍያ አራግፍ ነበር።

በዚያች ሰዓት ላይ የሆነውን ኋላ ጠባቂው ጆሮዬ ሥር እየጮኸ ነው የነገረኝ። ፊሽካ እየነፋ ከታች ሮጦ ሲደርስ ውሃው ጫማዋን ሸፍኖ ቁርጭምጭሚቷን ይዞታል። ተጣራ፣ በእጁ ጠራት። ዳቦ ጋጋሪው ከማዶ ሊገባ ሲል ውሃው ከጉልበቱ አጥፎ ጣለው፤ ሚስቱ በቀበቶው ጎትታ አወጣችው። እሷ ግን ጡጫዋን እንደሰቀለች ዓይኗን ከቋጥኙ ላይ አልነቀለችም። ክንዷ ሲደክማት በሌላ እጇ ክርኗን ደገፈችው። ጠባቂው ዝለይ ልጄ፣ እይዝሻለሁ ቢላት ሳትዞር መለሰችለት።

«አባባ አላወረደም።»

እንደገና ቢለምናት ያንኑ ደገመችለት። ሁለተኛው ድንጋይ ድረስ ገብቶ እጁን ሲዘረጋ ሸሸችው፤ ያን ጊዜ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ተንገዳገደች። ልይዛት ስል ልጥላት ነው ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። አባባሽ የታል ሲላት በአገጯ ወደ ቋጥኙ ጠቆመችው። እየሮጠ ዞሮ መጣ፤ እኔን ኮፍያዬን ራሴ ላይ ሳስተካክል አገኘኝ።

ያለኝን አልሰማሁም። ፊቱን ግን አነበብኩት። በብብቴ ገብቶ እንደ ጆንያ አወጣኝ።

ውሃው ባቷ ላይ ደርሷል። ከንፈሯ ጠቁሯል። አየችኝ፤ አየኋት። ማውረድ ነበረብኝ፤ የማወርደው ግን አልነበረኝም፤ እጄ ስወድቅ ቀድሞኝ ወርዷል። ስለዚህ መጀመሪያ አነሳሁት። ከራሴ በላይ አድርጌ፣ በደንብ እንዳየችው እስካውቅ ጠበቅሁ፣ ከዚያ አወረድኩት። ቀስ ተብሎ ነው የሚወርደው፤ በፍጥነት ከወረደ አይቆጠርም። ያቺ ቀስ ማለት ከሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ትረዝም ነበር።

ዘለለች። ሦስተኛው ድንጋይ፣ ሁለተኛው፤ አንደኛው ከውሃው በታች ገብቶ አይታይም። ጠባቂው እኔን ጥሎ በደረቱ ውሃው ላይ ተጋደመና ኮቷን ያዘ። አንድ ጫማዋን ውሃው ወሰደው። ዞር ብዬ ሳይ ሰባቱም ድንጋዮች የሉም።

ዳቦ ጋጋሪውና ሚስቱ በላይኛው ድልድይ ዞረው መጡ። ሴትዮዋ ሻርፗን ከአንገቷ አውልቃ የልጅቷን እግር ጠቀለለችላት። ጠባቂው ልብሱ እየተንጠባጠበ ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ሥር ተናገረ።

«አባቴ፣ በሩ ላይ እኮ ነግሬዎታለሁ። ተራራው ላይ ዘንቧል፣ ሦስተኛው ጋ እንዳትደርሱ ብዬዎታለሁ። እሺ ብለውኛል።»

አለቃ ሰማችው። ቀና ብላ አየችኝ።

«መልካም መንገድ ነው ያለን አላልከኝም?»

በእጇ አይደለም ይሄን ያለችኝ። ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት።

አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። ባዶ እግሯ ሻርፑ ውስጥ ነው። ብዙ ፌርማታ እስክናልፍ አላየችኝም። እኔም ደፍሬ አላየኋትም። ኋላ ክንዴን ነካችኝና፣ ሰው እንዳይሰማ ይመስለኛል፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ተናገረች።

«ለአጎቴ አልነግርም። ለእማዬም አልነግርም። አይዞህ።»

ልጄ፣ የገደለችኝ ይቺ ናት። ወንዙ አይደለም።

ለአንቺም የምነግርሽ አለኝ። ስልክ ላይ የምታወሪው ከኔ ጋር ይመስልሻል። ድምፁ የኔ ነው። አንቺ የምትዪውን ግን የምትሰማው እሷ ናት፤ ጆሮዋን ከስልኩ ለጥፋ በጣቷ ትነግረኛለች። ደህና ነህ ወይ ስትዪ አውራ ጣቷን ታነሳለች፣ እኔ ደህና ነኝ እላለሁ። ስታለቅሺ ጣቷን ጉንጯ ላይ ታወርዳለች፣ እኔ አይዞሽ እላለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ነው ያወራነው። እኔ ጨዋታ ነው እላት ነበር። አንቺ እዚያ የሰው ሽማግሌ እያጠብሽ፣ እያጎረስሽ ነው የምትኖሪው፤ ልጅሽ ደግሞ እዚህ ያንኑ ሥራ ይዛለች፤ ደመወዝ የላትም እንጂ። ጆሮዬን ተሸክማልኛለች። አሁን ውሸቴንም ልትሸከምልኝ ነው። ነገ ራሷን መነቅነቅ ትጀምራለች።

እችላለሁ ካልከኝ አምንሃለሁ ብለሽኛል። አልችልም። ይኸው በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ ለመጻፍ ከሁሉም የከበደኝ ቃል እሱ ነው። ሌላውን ሁሉ እችላለሁ።

ስለኔ አታስቢ። ምግቤን ራሴ እሠራለሁ። ጫማ ሰፊው ጠዋት ጠዋት በመስኮት ብቅ ይላል፤ ሞተው እንደሆነ ልይ ብዬ ነው ይለኛል። ቤቱ ሰፋ ይለኛል፣ ዕቃዬን እንደልቤ እዘረጋለሁ። ድሮም ይጠበኝ ነበር።

ዕዳ አለብኝ፤ የገንዘብ አይደለም። አንቺም ወንድምሽም እንዳትገቡበት፤ እኔው ነኝ የምጨርሰው። ሻርፑን አጥቤ አስጥቼዋለሁ፤ ዳቦ ቤታቸውን አውቀዋለሁ፣ ለሴትዮዋ በእጇ እሰጣታለሁ፤ ብትሰድበኝም ቆሜ እሰማታለሁ፣ አሁን መስሚያ አለኝ። ጠባቂው ጋ እሄዳለሁ። ይቅርታ በአፍ ብቻ አይሆንልኝም፤ መሻገሪያው ዳር ሰው የሚይዘው እንጨት የለም፣ ጓሮ የከረመ ደረቅ ወይራ አለኝ፣ ሰንጥቄ መደገፊያ እተክልበታለሁ። ይፍቀዱልኝ አይፍቀዱልኝ እንጃ፤ ካልፈቀዱም ተሸክሜ ሄጄ ነው እንቢ የሚሉኝ። የአለቃ ዕዳ ከባዱ ነው። ማንም ጡጫ ቢያነሳ፣ እኔም ብሆን፣ ውሃ ከመጣብሽ ጥለሽኝ ሩጪ ብያታለሁ። «ሕጉስ?» አለችኝ። ሕጉን ያወጣነው ለብረት ነው፣ ለሰው አይደለም አልኳት። ገና አላመነችኝም። እስክታምነኝ እነግራታለሁ። ለወንድምሽ ደግሞ ቀማኛ ያልኩትን ፊቱ ቆሜ እመልሳለሁ፤ የማክሰኞውንም ከኔው ይሰማል። በስልክ አይሆንም፣ በደብዳቤም አይሆንም።

የቀረው አንድ ነው። መኪና ይዞ እንዳይመጣ ንገሪው። ቦርሳዋን የማስረው እኔ ነኝ። ጫማ ነገ እንገዛለን። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይዣት እሄዳለሁ፤ መንገድ ስንሻገር እሷ እጄን ትይዘኛለች፤ የአጎቷ በር ሲከፈት የምለቃት እኔ ነኝ።

የምታነሺያቸው ሽማግሌዎች ሁሉ ቀላል ይሁኑልሽ። ፈጣሪ ከልጅሽ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያውልሽ።

አባትሽ
በገዛ እጄ